ባጃጅ ውስጥ የረሳሁት ምላስ

ይህ ነገር የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሰማዩ መጠቋቆር በጀመረበት ሰሞን ነው። የሁለተኛ ዲግሪ የመመረቂያ ሥራዬን የማቀርብበት ዕለት ነበር። ሰው ስለዚያ ቀን ሲጠይቀኝ መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል። ወዲያው ደግሞ ሆዴ ይባባል፤ ምክንያቱም ጥቂት ብዘገይ ኖሮ የደከምኩበት ሥራ መንገድ ዳር በቤንዚን ጋይቶ ነበር።

ምሕረት እባላለሁ። ሐዋሳ ተወልጄ ያደግሁ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ ነበርኩ። የመመረቂያ ሥራዬ ሮቦት ነው። ሮቦት ስል ግን በፊልም እንደምናየው የሚራመድና የሚያወራ ብረት እንዳይመስላችሁ። የኔ ሮቦት አንድ ምላስ ብቻ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አቮካዶ ስታዩት ጠንካራ ይመስላል እንጂ ትንሽ ከተጫኑት ውስጡ ይጠቁራል። በብረት እጅ ቢነሳ ይጨፈለቃል። ስለዚህ ለስላሳ የሆነ፣ ዕቃውን ሳይጎዳ ጠቅልሎ የሚያነሳ እጅ ልሥራ ብዬ ተነሳሁ። ብዙ ነገር ሞክሬ አልሆነልኝም። አንድ ቀን ሐይቁ ዳር ተቀምጬ ላም ሣር ስትግጥ አየሁ። ላሟ ሣሩን በጥርሷ አይደለም የምትይዘው። ምላሷን አውጥታ ትጠቀልለውና ወደ አፏ ትስበዋለች። ምላስ አጥንት የለውም፤ እንደ ዝሆን ኩምቢ ጡንቻ ብቻ ነው። ግን ወደፈለገው ይታጠፋል፣ ይረዝማል፣ ሲያስፈልገውም ይጠነክራል። «በቃ፣ ይሄ ነው» አልኩ።

ከዚያ በኋላ የሰፈራችን ሥጋ ቤት ደንበኛ ሆንኩ። የበሬ ምላስ እየገዛሁ እሰነጥቃለሁ፣ ጡንቻው በየት በየት እንደሚሄድ እሥላለሁ። እናቴ መጀመሪያ ዝም ብላ ታየኝ ነበር። ቆይታ ግን «ምሕረት፣ ይሄን ምላስ ወይ ቀቅይው ወይ ከፍሪጄ አውጪልኝ» አለችኝ።

በመጨረሻ ከሲሊኮን አንድ ምላስ ሠራሁ። ቅርጹን የቀዳሁት ከእውነተኛ የበሬ ምላስ ላይ ነው። ላዩ ላይ ያሉትን ሻካራ ነጠብጣቦች እንዳሉ ተውኳቸው፤ ዕቃ እንዳያንሸራትት ይረዳሉና። ሲሊኮኑን ሳቀልም በእጄ የነበረው ቀይ ቀለም ብቻ ነበር። ውስጡ የአየር መተላለፊያ አለው። ትንሿ ፓምፕ አየር ስትነፋበት ይጠቀለላል፤ አየሩ ሲወጣ ይዘረጋል። ይህን በየተራ ራሱ እየደጋገመ እንዲሠራ አድርጌዋለሁ። በአጭሩ፣ የክንድ ያህል ርዝመት ያለው፣ ቀይ፣ የሚንቀሳቀስ ምላስ ነበር። እኔ ከማየት ብዛት ለምጄው ሌላ ሰው ሲያየው ምን ሊያስብ እንደሚችል አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም።

የማቀርበው ከሰዓት በኋላ ነበር። ጠዋት ፖስተር ለማሳተም እዚያው ሐዋሳ አዲስ ከተማ ሰፈር ካለው ቤታችን ባጃጅ ኮንትራት ይዤ ወደ ፒያሳ ሄድኩ። ምላሱን ከነፓምፑ የያዘውን ቦርሳ ከወንበሩ ኋላ ባለችው የዕቃ ቦታ አስቀመጥኩት። የአየር ቱቦው እንዳይታጠፍ ብዬ ዚፑን እስከ መጨረሻው አልዘጋሁትም። ሒሳቡን ስሳፈር ከፍዬ ስለነበር ስልኬም የገንዘብ ቦርሳዬም በዚያው ቦርሳ የጎን ኪስ ውስጥ ነበሩ።

ፒያሳ ስደርስ ማካፋት ጀመረ። ላፕቶፔን እቅፍ አድርጌ ሮጬ ጋሽ ከድር ሱቅ ገባሁ። ጋሽ ከድር ፎቶ ኮፒና ኅትመት የሚሠሩ፣ ተማሪ ሁሉ የሚያውቃቸው ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ፖስተሩ እየታተመ ሳለ «ዛሬ ነው እንዴ የምታቀርቢው? ዕቃው የታለ?» አሉኝ።

«ይኸው…» ብዬ ወደ እግሬ ሥር ጠቆምኩ። ምንም የለም።

ወደ ደጅ ሮጥኩ። መንገዱ ላይ ባጃጅ ሞልቷል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ነው። የሹፌሩን ፊት እንኳ በቅጡ አላየሁትም ነበር። ተመልሼ ስገባ ሳላስበው ማልቀስ ጀምሬያለሁ። ጋሽ ከድር ስልካቸውን ዘረጉልኝ።

«አልቅሺ፣ ግን እየደወልሽ» አሉኝ።

ደወልኩ። ብዙ ከጠራ በኋላ አንድ ወንድ አነሳው።

«ሄሎ?» አለ፤ ድምፁ ይንቀጠቀጣል።

«ሄሎ ወንድሜ፣ የስልኩ ባለቤት ነኝ። ባጃጅ ውስጥ ቦርሳ ረስቼ ነው።»

ከኋላው የብዙ ሰው ጫጫታ ይሰማኛል።

«ምላሱ ያንቺ ነው?» አለኝ።

«አዎ! አዎ፣ የኔ ነው! እባክህ ማንም እንዳይነካው! የነካው ሰው…»

ስልኩ ተዘጋ። «የነካው ሰው ሊያበላሸው ይችላል» ልል ነበር። እሱ ግን ሌላ ነገር ነው የሰማው። ደግሜ ስደውል የሚያነሳ ጠፋ።

ደግነቱ ከጫጫታው መሐል አንድ ረዳት «ሻሸመኔ! ሻሸመኔ! አንድ ሰው!» እያለ ሲጣራ ሰምቼ ነበር። «መናኸሪያ ናቸው!» አልኩ። ጋሽ ከድር ምንም ሳይጠይቁ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብለው ሞተራቸውን አስነሱ። ትንሽ ከሄድን በኋላ ግን አላስቻላቸውም፤ አንገታቸውን ዘወር አድርገው «ልጄ፣ ሰውዬው ምላስ ነው ያለው ወይስ እኔ ነኝ ያልሰማሁት?» አሉኝ።

እኔ ከጋሽ ከድር ጀርባ ሆኜ ስበር፣ መናኸሪያ አጠገብ የሆነውን ኋላ እዚያ ከነበሩት ሰዎች አፍ ነው የሰማሁት። ዱካሞ፣ ማለትም የባጃጁ ሹፌር፣ እኔን እንዳወረደ ሰው ጭኖ ወደ መናኸሪያ ይሄዳል። ኋላ ከተቀመጡት አንዷ እማማ ብዙነሽ ነበሩ። በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ልጃቸው ወልዳ፣ አራስ ሊጠይቁ እንቁላል የሞላ ዘንቢል ታቅፈው እየሄዱ ነው። ባጃጇ ኮብልስቶኑ ላይ ስትንገጫገጭ የፓምፑ ማብሪያ ይበራል።

«መጀመሪያ ዝዝዝ የሚል ነገር ሰማሁ። ንብ መሰለኝ» ብለው ነው እማማ የሚያወሩት። «ቀጥሎ አንድ ለስላሳ ነገር ማጅራቴን ላሰኝ። ዞር ስል ምላስ! አፍ የሌለው ምላስ!»

እርጥብ ነበር ብለው እስከ ዛሬ ድርቅ ይላሉ። ሲሊኮን ደረቅ ነው ብላቸው አይሰሙኝም።

እማማ «በኢየሱስ ስም!» ብለው ይጮኻሉ። በዚያች ቅጽበት አየሩ የሚወጣበት ተራ ደርሶ ኖሮ ምላሱ እጥፍ ብሎ ወደ ቦርሳው ይገባል። በተሳፋሪው ሁሉ ዓይን መንፈሱ ተገሠጸ ማለት ነው። እፎይ ሳይሉ ደግሞ ተመልሶ ይወጣል። ዱካሞ ባጃጁን አቁሞ፣ ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ፣ ወርዶ ይሮጣል። ተሳፋሪዎቹም ይከተሉታል።

ቦርሳውን በረጅም ዱላ እየወጉ ጎትተው ወደ መንገዱ ዳር አወጡት። ያኔ ስልኬ ከኪሱ ወድቆ መሬት ላይ መጮኽ ጀመረ። «አንተ ነህ ያመጣኸው፣ አንተ አንሳው» ብለው ዱካሞን ገፋፉት። አንስቶ እኔን አገኘኝ።

ስንደርስ ሰው ክብ ሠርቶ ቆሟል። ምላሱ ከቦርሳው ወጥቶ ይጠቀለላል፣ ይዘረጋል። አንድ ረጅም ቢጫ የዝናብ ልብስ የለበሰ ሰው በፕላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን ይዞ ክዳኑን እየከፈተ ነው። እማማ ብዙነሽ ነጠላቸውን ማጅራታቸው ላይ ጠቅልለው ደረጃ ላይ ተቀምጠዋል። ዱካሞ ስልኬን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ ራቅ ብሎ ቆሟል።

«የኔ ነው! እንዳታቃጥሉት!» ብዬ ጮኽኩ።

ሰው ሁሉ ዞረ። መሐሉ ተከፈተልኝ። ለአክብሮት አልነበረም፤ ከኔ ለመራቅ ነው።

«መጣች! ባለ ምላሷ መጣች!» አለ ባለ ዝናብ ልብሱ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«የበሬ ምላስ ነው» አልኩ።

«የታረደ በሬ ምላስ እንዴት ይንቀሳቀሳል?»

«እኔ ነኝ የማንቀሳቅሰው።»

ይህን ከማለቴ አንዲት ሴት «ወይኔ!» ብላ ልጇን አቅፋ ሸሸች። አንዳንዶቹ በሲዳምኛ፣ አንዳንዶቹ በአማርኛ ያጉረመርማሉ። ጋሽ ከድር ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ሌላ አነጋገር ፈልጊ» አሉኝ።

በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ሰው ፈርቶኝ አያውቅም። እኔም ሰው እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ለፈታኞች የተለማመድኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። «ማሽን ነው» አልኩ። «ፕላስቲክ ነው። ተማሪ ነኝ። አቮካዶ ሳይጎዳ እንዲያነሳ ብዬ የሠራሁት ነው። ዛሬ ከሰዓት ነው የምፈተንበት።» ሄጄ አጠፋሁት። ምላሱ መንቀሳቀሱን ሲያቆም ሰዉ ትንሽ ተነፈሰ።

ጋሽ ከድርም «እኔ አውቃታለሁ። ጨዋ ልጅ ናት። ሱቄ ስትመላለስ ዓመት አልፏታል» አሉ።

ባለ ዝናብ ልብሱ አልተዋጠለትም። «ማሽን ከሆነ ሲያነሳ እንየው። ካላነሳ ግን እኔ አለሁ» ብሎ ጠርሙሱን ነቀነቀው።

«እሺ። የሚነሳ ነገር ስጡኝ» አልኩ።

ማንም አልሰጠኝም። ሙዝ የያዘው ሙዙን ወደ ኋላው ደበቀ። ኮፍያ ያደረገው ኮፍያውን ያዝ አደረገ። ኋላ እማማ ብዙነሽ ከደረጃው ተነሱ። ቀስ እያሉ መጡና ፊቴን ትኩር ብለው አዩት።

«እንቁላል ያነሳል?»

«ያነሳል እማማ።»

«ሳይሰብር?»

«ሳይሰብር።»

ከዘንቢላቸው አንድ እንቁላል አውጥተው ሰጡኝ። መሬት ላይ አስቀምጬ ምላሱን አስጠጋሁና አበራሁት። ተጠቀለለ። እንቁላሉን አቀፈ። ብድግ አደረግኩት። ወዲያው ምላሱ ላላ፣ ላላ አለና እንቁላሉ ወርዶ ኮብልስቶኑ ላይ ፍርጥ አለ።

«አላልኳችሁም!» አለ ባለ ዝናብ ልብሱ።

ምላሱን ገለበጥኩት። ጆሮዬን ሳስጠጋ ፍስስ ይላል። በዱላ ሲወጉት ተበስቷል። በትንሹ ነው፤ ግን ለዚህ ሥራ ትንሽም ብዙ ነው። ዱካሞ ከሩቅ አንገቱን አስግጎ «ተበሳ እንዴ? ጎሚስታ ልጥራ?» አለ።

«የጎማ ማስቲሽ ሲሊኮን አይዝም» አልኩት። «ግን አሮጌ ከመነዳሪ ካለህ ቆርጠህ ስጠኝ፤ አስረዋለሁ።»

ሊጠጋኝ አመነታ። ከዚያ ልቡ ቆርጦ መሰለኝ ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ዕቃ ማሰሪያ ያደረገውን የከመነዳሪ ላስቲክ በቢላ ሸንትሮ አመጣልኝ። ቀዳዳው ላይ አጥብቄ ጠመጠምኩት። ማፏጨቱ ቀነሰ እንጂ አልቆመም።

አሁን ሌላ እንቁላል ያስፈልጋል። መጠየቅ ግን አፈርኩ። የአራስ ጥየቃ እንቁላል አንዱን ሰብሬባቸዋለሁ፤ ማጅራታቸውን አስልሼ አስደንግጫቸዋለሁ። ቀና ስል እማማ እጃቸውን ዘርግተዋል። መዳፋቸው ላይ እንቁላል አለ።

«ከእጄ ያንሳው» አሉ።

«እማማ፣ መሬት ላይ…»

«ከእጄ ያንሳው አልኩሽ።»

ምላሱን ወደ መዳፋቸው አቀረብኩት። ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ እየጸለዩ ነው። ምላሱ ጣቶቻቸውን ታክኮ ገባና እንቁላሉን ጠቅልሎ አነሳው። ከፍ አደረግኩት። ያዘ። መልሼ ወደ መዳፋቸው አወረድኩትና ለቀቀው። እማማ አንድ ዓይናቸውን ገለጡ። እንቁላሉን አገላብጠው አዩት። ወደ ጆሮአቸው አስጠግተው ነቀነቁት።

«ደህና ነው!» አሉ።

ያኔ የወጣው ጩኸት አሁንም ይሰማኛል። እልልታው፣ «ሃሌሉያ»ው፣ የጋሽ ከድር «ማሻአላህ» አንድ ላይ ሆነ። ዕቃቸውን ሲደብቁ የነበሩት አሁን ተሰልፈው «ይቺን ያንሳልኝ» ማለት ጀመሩ። ሙዝ አነሳ። ኮፍያ አነሳ። አንዱ ጫማውን አውልቆ ሰጠኝ። ባለ ዝናብ ልብሱ ጥቂት ሲያንገራግር ቆይቶ የቤንዚኑን ጠርሙስ ዘረጋልኝ።

«መጀመሪያ ክዳኑን ዝጋው» አልኩት። ከሁሉም በላይ የሳቀው እሱ ራሱ ነው።

ሰዓቴን ሳይ ደነገጥኩ። ዱካሞ «ግቢ፣ አደርስሻለሁ» አለኝ። ቦርሳውን ግን ራሴ እንድይዘው ለመነኝ። ጋሽ ከድር ፖስተሩን ሊያመጡልኝ በሞተር ወደ ፒያሳ ተመለሱ። ልንነሳ ስንል እማማ ብዙነሽ ዘንቢላቸውን ይዘው አጠገቤ ገብተው ተቀመጡ።

«እማማ፣ አራሷስ?»

«አራስ ተኝታ ነው የምትጠብቀኝ። አንቺን ግን ዛሬ የሚጠይቅሽ ሰው አለ። ሄጄ ላያቸው ነው።»

የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ ውስጥ ዱካሞና እማማ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ጋሽ ከድር ፖስተሩን አድርሰው እነሱ ጋ ተቀላቀሉ። ከፈታኞቹ አንዱ ከሌላ ከተማ የመጡ፣ ፊታቸው የማይፈታ መምህር ነበሩ። ንግግሬን ስጨርስ መነጽራቸውን አስተካክለው «ጥሩ። ይህን መሣሪያ ከላቦራቶሪ ውጭ ሞክረሽዋል?» አሉኝ።

ያቺን ጥያቄ ነበር ለብዙ ቀን ስፈራ የቆየሁት። የኔ ሙከራ ሁሉ ላቦራቶሪ ውስጥ ነው።

«አዎ» አልኩ። «ዛሬ ጠዋት።»

«የት?»

«መናኸሪያ።»

ከኋላ ዱካሞ ፈርቶ የያዘው ሳቅ አመለጠው። አማካሪዬ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል። እንዲህ ሆነ ብዬ ከመጀመሬ በፊት እማማ ብዙነሽ ብድግ አሉ።

«ልናገር ይፈቀድልኛል?»

ሰብሳቢው ደንግጠው «ይናገሩ እናቴ» አሉ።

«እኔን ማጅራቴን ልሶኛል። ሰይጣን መስሎኝ ገሥጬዋለሁ። እንቁላልም ሰብሮብኛል፤ ግን ሰዎች በዱላ ወግተውት ስለነበር ነው፣ አልፈርድበትም። ሁለተኛውን ከመዳፌ ላይ አነሳው። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ለስላሳ ነው። አያቆስልም። ክፋት የለውም። ልጅቷን አታስጨንቋት።» ብለው ተቀመጡ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ፊታቸው የማይፈታው መምህር እንኳ አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩና «እንግዲያው ይህን ያንሳልኝ» አሉ። በከመነዳሪ የታሰረው ምላሴ እያፏጨም ቢሆን መነጽሩን ጠቅልሎ አነሳና በእጃቸው ላይ አስቀመጠው። አለፍኩ። ከተሰጡኝ አስተያየቶች የመጀመሪያው «ቀለሙ ይቀየር» የሚል ነበር።

አሁን ምላሱ አረንጓዴ ነው። አንድ የአቮካዶ ማሸጊያ ቦታ ላይ እየሞከርነው ነው፤ ገና የሚስተካከል ብዙ ነገር አለው። ዱካሞ ስልኬ ውስጥ «ዱካሞ ባጃጅ» ተብሎ አለ፤ ዕቃ ስይዝ የምጠራው እሱን ነው። እማማ ብዙነሽን ደግሞ አራሷ ሳትወጣ እንቁላል ይዤ ሄጄ ጠይቄአቸዋለሁ። ለጎረቤት ሁሉ ያስተዋወቁኝ «የላሰኝ የሷ ነው» እያሉ ነው።

ያን ቀን ሳስበው በሰዎቹ አልቀየምም። እኔም ከባጃጅ ወንበር ኋላ አፍ የሌለው ምላስ ቢወጣብኝ ከሁሉም ቀድሜ ነበር የምሮጠው። የሚገርመኝ ሌላ ነው። ከዚያ ሁሉ ሰው መሐል ምላሱ የነካው እማማን ብቻ ነበር። ከማንም በላይ የመፍራት መብት የነበራቸው እሳቸው ናቸው፤ ፈርተውም ነበር፣ ዓይናቸውን መጨፈናቸውን አይቻለሁ። ሆኖም እጃቸውን ቀድመው የዘረጉልኝ እሳቸው ናቸው። ያቺን የተዘረጋች መዳፍ ባስታወስኩ ቁጥር ደስ ይለኛል።